ከመሄዳችሁ በፊት፦ ውክልና

ዛሬ ስለ ውክልና እንነጋገራለን።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤት ያለው ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ነው እንበል። ቪዛው ወጥቷል። በርበሬውና ሽሮው ተቋጥሯል። ታዲያ ቤቱን ማን ያስተዳድርለት? ለእህቱ ውክልና ይሰጣል።

ውክልና ግን ሁሉም አንድ አይደለም። እስቲ እንዲህ እንየው። ለጎረቤት የግቢውን በር ቁልፍ ብትሰጡ ገብቶ አበባ ያጠጣል፣ ቤት ይጠብቃል። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ካልሰጣችሁት ግን አይከፍተውም። ጠቅላላ ውክልናም የግቢው በር ቁልፍ ነው። እህት ቤቱን ታሳድሳለች፣ እስከ 3 ዓመት ታከራያለች፣ ኪራይ ትሰበስባለች። መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ግን የቁምሳጥኑ ቁልፍ ነው፤ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ስትሄዱ የምትፈቅዱትን ሥራ አንድ በአንድ አስጽፉ። እባካችሁ፣ በጥድፊያ የመሸጥ ሥልጣን አትስጡ። ውክልናውን በፈለጋችሁ ጊዜ መሻር ትችላላችሁ። ከሄዳችሁ በኋላም ኤምባሲ ቀርባችሁ ውክልና መስጠት ትችላላችሁ፤ ወረቀቱ ግን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ስለሚያልፍ ጊዜ ይወስዳል።