መድፈኛውን ከባለቤቱ ተቀበሉ
(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የኮምፒውተርና የስልክ ፕሮግራሞችን በወቅቱ ስለማደስ፣ በተለምዶ «አፕዴት ማድረግ» ስለምንለው ነገር ነው።

ስልካችን «አዲስ እትም አለ፣ ልጫነው?» ብሎ ሲጠይቀን ብዙዎቻችን «ሌላ ጊዜ» ብለን እናልፈዋለን። ጥቅላችንን ይጨርስብናል ብለን እንሰጋለን። ነገሩ ግን መልክ የማሳመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፕሮግራም የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ ጉድለት አያጣውም። ሠሪው ክፍተቱን ሲደርስበት መድፈኛ ይልካል። መድፈኛው ሲወጣ ግን ክፍተቱ የት እንደነበር ሌባውም ይረዳል። ስለዚህ የዘገየ ሰው፣ ሌባ የሚያውቀውን ቀዳዳ ሳይደፍን እንደተኛ ሰው ነው።

ለዚህ ማስረጃ አለን። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ ላገኘው አንድ ክፍተት መድፈኛውን እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በዚያው ክፍተት ገብቶ በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ፋይሎችን ቆልፎ 300 ዶላር ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደረሱ። መድፈኛውን በጊዜው የጫነ ሰው ግን በዚያ በር አልተደፈረም።

ታዲያ «አፕዴት» የሚል ሁሉ ይጫን ማለት ነው? በፍጹም! በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ ያወጣው ጥናት የእኛኑ ሰዎች ይመለከታል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል አድራሻ ይላክላቸዋል። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አፕዴት አድርጉ» ይላቸዋል። የሚጫነው ግን መሰለያ ነበር። ጥናቱ ከጀርባው የወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት አካላት እንዳሉበት አመልክቷል። እንግዲህ አስተውሉ፤ መከላከያው ራሱ ማጥመጃ ሆነ ማለት ነው። ፍላሽ ዛሬ የለም፤ ባለቤቱ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቁሟል። ዘዴው ግን አልሞተም።

ስለዚህ መለኪያችን አንድ ነው፦ መድፈኛውን ከባለቤቱ እንቀበል፣ ከመንገደኛ አንቀበል። የስልክ ፕሮግራም ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር፣ የስልኩና የዊንዶውስ እድሳት ደግሞ ከራሱ ከሴቲንግ ውስጥ ይወሰድ። በቴሌግራም የተላከን ፋይል፣ ከጓደኛ ስልክ የተቀዳን «ጂቢ ዋትስአፕ»፣ ድንገት ብቅ ያለን «አሁኑኑ አፕዴት አድርግ» የሚል ማስታወቂያ እንተወው። ጥቅል ካሳሰበን ዋይፋይ ባለበት እንጫነው። ዕድሜውን የጨረሰውንም እንወቅ፤ የዊንዶውስ 7 የጥበቃ እድሳት በጃንዋሪ 2020 ቆሟል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በእነዚህ ላይ የደንበኛ ሒሳብና የሠራተኛ መዝገብ የምታስቀምጡ ወገኖች አስቡበት።

በመጨረሻ አንድ ቃል ፒያሳ ላይ ስልክ ለምትጠግኑ፣ ኮምፒውተር ለምትጭኑ ወንድሞቻችን አለን። ከኮምቦልቻም ሆነ ከገጠር የመጣ ሰው ስልኩን ሲሰጣችሁ የቤተሰቡን ፎቶ፣ የቴሌብር ገንዘቡን፣ የልጆቹን መልእክት አብሮ ነው የሚያስረክባችሁ። ይህ አማና ነው። ሱረቱ አን-ኑር ያለ ፈቃድ ሰው ቤት እንዳንገባ፣ ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ገመና እንዳንከታተል ያስተምሩናል። ዛሬ የሰው ገመና ከቤቱ ይልቅ ስልኩ ውስጥ ነው። «ክራክ» የተደረገ ዊንዶውስ ጭናችሁ፣ እንዳይበላሽ ብላችሁ አፕዴቱን ዘግታችሁ ስትሰጡ፣ ባለቤቱ በሩ ክፍት መሆኑን አያውቅም። የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቢያንስ ንገሩት፤ እሱም ይምረጥ።

እናንተም አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ «ሌላ ጊዜ» ያላችሁት እድሳት ካለ ተመልከቱት። የአባትና የእናታችሁንም ስልክ አትርሱ፤ እነሱ የሚያምኑት እናንተን ነውና። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።