በጎኔ ያለው አደራ

(በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለትራክት ተስተካክሎ የቀረበ)

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኩላሊት ነው። አዎ፣ ስለ ኩላሊት! መጽሐፍ ቅዱሳችን እግዚአብሔር ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ መሆኑን ደጋግሞ ይናገራል። ስለ ልብ ስንት ስብከት ሰምተናል! ስለ ኩላሊት የሰበከ ሰው ግን እኔ አልሰማሁም። ዛሬ የማነሣውም የራሴ ሁለቱም ሥራ ስላቆሙና የምኖረው በታላቅ እህቴ ኩላሊት ስለሆነ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት፣ እጥበት ላይ እተኛ ነበር። ያያችሁት ታውቁታላችሁ። እትዬ (እንዲህ ነው የምጠራት) ለእኔ ሳትነግረኝ ሄዳ ተመረመረች፤ ገጠመ። ስሰማ ደነገጥኩ። «ልጆች አሉሽ፣ ይቅርብሽ» አልኳት። «አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

በኋላ ሳነብ ይሄ ነገር በእኔ እንዳልተጀመረ አወቅሁ። በዓለም ላይ መጀመሪያ የተሳካው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በፈረንጆች ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የተደረገው ነው። ሰጪው ሮናልድ ሄሪክ፣ ተቀባዩ መንታ ወንድሙ ሪቻርድ ነበሩ። ሐኪሙ ጆሴፍ መሪ ለዚህ ሥራው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ማታ ሪቻርድ ለወንድሙ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ተነሥተህ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ሮናልድም በወረቀት መለሰለት፤ መጥቻለሁ፣ የትም አልሄድም የሚል ነበር መልሱ። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ያስታመመችውን ነርስ አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ሰጪው ሮናልድ ደግሞ በአንድ ኩላሊቱ እስከ 2010 ድረስ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት እስኪያርፍ ኖሯል። በአገራችን ይህ ሕክምና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ «ይቅርብሽ»፣ «አይቀርም» የተባባሉ ብዙ ቤተሰቦች እንዳሉ አልጠራጠርም።

ሰው ብዙ ጊዜ የታመመው ኩላሊት ወጥቶ አዲሱ በቦታው የሚገባ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የራስህ እዚያው ይቀመጣሉ፣ አዲሱ ከሆድ በታች በጎን በኩል ይገባል። እኔ እንግዲህ ሦስት ተሸክሜ በአንዱ ነው የምኖረው! ከሰመመን ስነቃ ሽንቴ በቱቦ ሲወርድ አየሁ። ሃሌ ሉያ የተባለበት ሽንት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናታችን ስትገባ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ እትዬ አልጋ ነው። ልክ ናት።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ «ዳነ፣ አለቀ» አለ። ወገኖቼ፣ አላለቀም። ሄሪኮች አንድ ዓይነት መንታ ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ራሱ ቆጠረው። እኔና እትዬ መንታ አይደለንም። ሰውነቴ ይህን ኩላሊት ዛሬም «እንግዳ ነው፣ ይውጣ» ይላል። ስለዚህ የሰውነቴን ዘበኞች የሚያለዝብ መድኃኒት ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት እውጣለሁ። ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ ነው። ዘበኞቹ ሲለዝቡ ደግሞ ሌላው በሽታም በቀላሉ ይገባል። ቁርጥ የለም፣ ጥሬ ክትፎ የለም፣ ያልፈላ ወተት የለም። በሠርግ ላይ «ጸልየህ ብላው!» የሚል ወንድም አይጠፋም። አንዱ መድኃኒት ፊቴን ሲነፋው ደግሞ «ተመቸህ፣ ወፈርክ!» አሉኝ። ይሄ ይሁን፣ ይሳቃል።

የማያስቀው የሚከተለው ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጉባኤ ላይ አንድ አገልጋይ እጁን ጭኖብኝ ከዛሬ ጀምሮ ክኒን አትውጥም፣ ፈጽመህ ተፈውሰሃል አለኝ። እልልታው፣ ጭብጨባው! ስሙን አልጠራም፤ ጆሮዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት... ምንም አላመመኝም። እንዲያውም ሰውነቴ ቀለለኝ። ሰውነት ኩላሊትን መግፋት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ድምፅ እንደሌለው አላወቅሁም ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀጠሮዬ ደርሶ ደም ሰጠሁ። 1.2 የነበረው ክሬአቲኒን 3.4 ሆኗል። በዚያው ቀን አስተኙኝ፤ በደም ሥር መድኃኒት ሰጡኝ፣ ወርዶ 1.7 ላይ ቆመ። ወደ ነበረበት እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እትዬ መጣች። ይቆጣል ብዬ የጠበቅሁት ፊት አልተቆጣም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ሌላ የምሰጥህ የለኝም» አለችኝ።

ያን ቀን «አደራ በላ» የሚለው ስድብ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። የሰው ገንዘብ፣ የሰው ልጅ ብቻ አይደለም የሚበላው። በእምነት ስም የእህቴን ሥጋ ልጥል ነበር።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን አንብቡ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ጌታም ሰማው፤ በዕድሜው ላይ አሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ተስፋ ሰጠው። ከዚያ ምን ሆነ? ያንን ቃል ያመጣው ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ! በቁስሉ ላይ አደረጉት። ነቢዩ የእምነት ሰው አልነበረም እንዴ? ጌታ እፈውስሃለሁ ብሎ እያለ በለስ ምን ይሠራል? ኢሳይያስ ግን በቃሉና በበለሱ መካከል ጠብ አላየም። እኔ የኢሳይያስን ክኒን ትቼ ኢሳይያስ ያልሆነ ሰው ሰማሁ።

ታሪኩ ደግሞ እዚያ አያበቃም። ሕዝቅያስ ከዳነ በኋላ የባቢሎን መልእክተኞች መጡ፤ እርሱም ቤተ መዛግብቱን ከፍቶ ወርቁን፣ ብሩን፣ ሽቱውን አንድም ሳያስቀር አሳያቸው። ዜና መዋዕል ሁለተኛ ምዕራፍ 32 ላይ በተደረገለት መጠን እንዳልመለሰና ልቡ እንደ ኮራ ይነግረናል። በሕመሙ ጊዜ ጸልዮ አሸነፈ፣ በጤናው ጊዜ ተሸነፈ። እኔም ብሆን በጉባኤው መድረክ ላይ ምስክርነት ሳወራ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። ስለ ጌታ ነበር የማወራው? ወይስ ሰው እንዲያየኝ? ልብና ኩላሊትን የሚመረምረው ያውቃል።

አንዳንድ ሰባኪዎች የእትዬን ታሪክ ሰምተው ልክ እንደ ጌታ ኢየሱስ ናት ይላሉ። እሷ ራሷ አትወደውም። «እኔ አንድ ሰጥቼ አንድ አስቀርቻለሁ። እሱ ለራሱ ያስቀረው የለም» ትላለች። በስብከት ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

አሁን በግልጽ ልናገር። ንቅለ ተከላ አድርገህ፣ ወይም አድርገሽ፣ ሰው ነግሮህ መድኃኒት ካቆምክ፣ ነገ ጠዋት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሐኪምህ ሂድ። ደህና ነኝ አትበል፤ እኔም ደህና ነበርኩ። ጾም ጸሎት ሲታወጅ መጋቢህንና ሐኪምህን አማክር፣ ክኒንህንና ውኃህን አትዝለል። ጌታ በሆድ ባዶነት ብቻ አይደለም የሚሰማን። የምትጸልይለት አገልጋይም ከሆንክ ጸልይ፣ እጅህን ጫን፤ ክኒን ማስቆም ግን ያንተ ሥራ አይደለም።

ለቤተ ክርስቲያን አንድ ቅሬታ አለኝ። ስታመም ለወራት ተጸለየልኝ፣ ስድን የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀልኝ። ስሜ ተጠራ፣ አበባ ተሰጠኝ። እትዬ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እንዴት ነሽ ያላት፣ ቁስልሽ ዳነ ወይ ያላት ሰው አልነበረም። የሰጪ ሰው የቀረው ኩላሊት በጊዜ ብዛት ሥራውን ይለምዳል፣ ትንሽም ይተልቃል፤ ቢሆንም በየዓመቱ ደምና ሽንት መመርመር፣ የደም ግፊት መለካት ያስፈልገዋል። እኔ ቀጠሮዬ ሲደርስ ሦስት ሰው ያስታውሰኛል። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትመረመር ቀረች። ያስታወሳት አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁን አብረን እንሄዳለን። እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ በጎንህ የሰው አደራ ካለ፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ስልክህን አንሣና ደውል። ስለ አንተ ክሬአቲኒን አታውራ። የእሷ የደም ግፊት ስንት እንደሆነ ጠይቃት።

ጌታ ይባርካችሁ።