ስለ ጢስና ስለ አስም በሽታ የተሰጠ ንግግር



ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፥ ያለ ውኃም ጥቂት ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መኖር አይቻለውም። እንዲህም ሲሆን የሚበላውንና የሚጠጣውን የሚመርጥ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ሳይመረምር መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

አስም የሚባለው በሽታ የሚይዘው አየርን ወደ ሳንባ የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ነው። እነዚህ ቧንቧዎች በሕመምተኛው ውስጥ ያበጡና ቶሎ የሚቈጡ ናቸው፤ ጢስ ወይም አቧራ ወይም ብርድ በነካቸው ጊዜ ዙሪያቸውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፥ አክታም ይሞላባቸዋል፥ የአየሩም መንገድ ይጠባል። ከዚህ የተነሣ የሕመምተኛው ደረት ይታፈናል፥ ሲተነፍስም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ይልቁንም በሌሊትና በንጋት ይብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎች 262 ሚሊዮን ነበሩ።

ጢስ በዓይን የሚታየው ብቻ አይደለም። ከውስጡ እጅግ የደቀቀው ብናኝ የሰው ጠጉር ውፍረት 30 ጊዜ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህላል፤ ስለዚህ አፍንጫ ሊያስቀረው አይችልም፥ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን ድረስ፥ የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተደባልቆ የለንደንን ከተማ ሸፈነ። በዚያን ጊዜ 4000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተቈጠረ፤ በኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ግን እስከ 12000 አድርሰውታል። ከሞቱትም ብዙዎቹ አስቀድሞ ሳንባቸው ወይም ልባቸው የደከመ ነበሩ። መንግሥቱም በ1956 ዓ.ም. ጢስን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

«ይህ የትልቅ ከተማ ነገር ነው» የሚል ሰው ቢኖር ወደ ገዛ ጎጆው ይመልከት። መስኮት በሌለው ቤት እርጥብ እንጨትና ኩበት ሲነድ፥ ጣራውን የሚያጠቍረው ጢስ ወደ ቤተ ሰቡም ሳንባ ይገባል። ይልቁንም ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ይጐዳሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ጢስ የሣሩን ክዳን ከተባይ ይጠብቃል ይላሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ክዳን ቢያረጅ በሌላ ሣር ይለወጣል፥ ለልጅ ሳንባ ግን ምትክ አይገኝለትም።

መድኃኒቱ አስቀድሞ ከቤት ይጀምራል። ማገዶው በፀሐይ የደረቀና የተፈለጠ ይሁን፤ ማብሰያው ከመኝታ ይለይ፤ በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የጢስ መውጫ ይበጅ፤ ማገዶ የሚቈጥብ የተሸፈነ ምድጃም ይሠራ። ፍም ከሰልን በተዘጋ ቤት ይዞ መተኛት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጢሱ ባይታይም የሚገድል መርዝ አለበትና።

መምህሩም ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት ክፍሉን ውኃ አርከፍክፎ ያስጠርግ፥ ሰሌዳውንም በእርጥብ ጨርቅ ያስጥርግ፥ ቈሻሻም በትምህርት ቤቱ አጠገብ አያስቃጥል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ልጅ ቢኖር ሐኪም እንዲያየው ለወላጆቹ ይንገር። ሐኪሙ አስም ነው ካለ፥ ይህ በሽታ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና፥ ልጁን ከጓደኞቹ ለይቶ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ሲሮጥ ቢደክምም ሰነፍ አይባል።

ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ልጁን ማስተኛት አይገባም፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፥ ሐኪም ያዘዘለትንም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይውሰድ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ቢያቅተው፥ ከንፈሩ ቢጠቍር፥ ወይም ሲተነፍስ በጐድኑ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ቢሰረጕድ፥ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዚያች ሰዓት ምልክቱን የሚያውቅ አንድ መምህር ወይም አንድ ሽማግሌ በመንደሩ መገኘቱ የልጁን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።