የደም ሥርና የቃል ሥር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)





የዛሬው ቀን የደስታ ቀን ስለ ሆነ ስለ በሽታ መናገር የማይገባ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ይበልጡን ስለ በሽታ ስም ልንናገር ተነሥተናል። «ስም ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር፥ ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገንን ነገር አስቀድመን እንነግራችኋለን።

ከመካከላችን የአንዱ አያት አንድ ቀን ጧት ቡና ሲቀዱ ስኒው ከእጃቸው ወደቀ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። «ምች መታቸው» ተብሎ ዳማ ከሴ ታሽቶ ተቀቡ፤ በጋቢም ተሸፍነው ተኙ። ሐኪም ቤት የተወሰዱት በማግሥቱ ነበር። ሐኪሙም መርምረው «ስትሮክ ነው» አሉ። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ትምህርት ከክፍሉ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ያን ቃል የሚያውቀው ዋናተኛ ውሃውን በእጁ ሲቀዝፍ የሚባል መሆኑን ብቻ ነበር። እናቱ «ምን አሉ?» ብላ ብትጠይቀው የሚመልስላት አጣ። አያቱ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ በሕይወት አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ ስኒ አያነሣም።

እኛም በዚያው ሳምንት ተሰብስበን የደምና የደም ሥር በሽታዎችን የእንግሊዝኛ ስም አንድ በአንድ እየፈታን በአማርኛ ለመጻፍ ተስማማን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከዚያ ደብተር የተወሰደ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ደም ዝውውር ጥቂት እንበል። የአንድ ጕልማሳ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ልብ ሰውየው ዐርፎ ሳለ እንኳ ይህን ያህል ደም በየደቂቃው ይረጫል፤ በአንድ ቀንም 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ደምን ከልብ የሚያወጣው ቧንቧ «አርተሪ» ይባላል፤ በአማርኛ ደም ቅዳ የምንለው ነው። ወደ ልብ የሚመልሰው «ቬይን» ነው፤ እርሱም ደም መልስ ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት ቀጫጭን ሥሮች «ካፒላሪ» ይባላሉ። ቃሉ የመጣው በላቲን ጠጕር ከሚለው ነው፤ በእውነቱ ግን ከጠጕርም ይቀጥናሉ።

«አርተሪ» የሚለው ስም የራሱ ታሪክ አለው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ግሪኮች የአየር ቧንቧንም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። በሬሳ ውስጥ ደም ቅዳዎቹን ባዶ ስላገኟቸው፥ ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ አየር የሚሄድባቸው መሰላቸው። በ2ኛው መቶ ዓመት ጋሌን ደም እንደሚገኝባቸው አሳየ። በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የነበረው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ ደም ከልብ ቀኝ ወደ ልብ ግራ የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን ጻፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ደም እየዞረ ወደ ልብ እንደሚመለስ አስረዳ። በ1661 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊው ማልፒጊ በእንቍራሪት ሳንባ ውስጥ ካፒላሪዎችን በማይክሮስኮፕ አየ። ስሕተቱ በዚህ ሁሉ ድካም ታረመ፤ ስሙ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

በእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ስም አለ፤ ይኸውም «ደም ብዛት» ነው። ይህን ስም የሰማ ሰው ደሙ የበዛ ይመስለዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ደሜ ይቀንስልኝ ብሎ ዋግምት ይታገማል፤ ሌላው ደግሞ ደም ማነስ አለብህ ሲባል ከደም ብዛት የዳነ መስሎት ይደሰታል። የእንግሊዝኛው ስም «ሃይፐርቴንሽን» ግን የሚናገረው ስለ ውጥረት ነው። «ሃይፐር» ከመጠን በላይ፥ «ቴንሽን» ውጥረት ማለት ነው። የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው የጨመረው። ስለዚህ «የደም ግፊት» ማለት ይሻላል። ደም ማነስ፥ ማለት «አኒሚያ»፥ ሌላ በሽታ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊታመም ይችላል።

ግፊት ሲለካ ሁለት ቍጥር ይነገራል። የፊተኛው ልብ ሲጨመቅ፥ የኋለኛው ልብ ሲላላ የሚገኘው ነው። 120 በ80 መልካም ነው፤ በልዩ ልዩ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማበት «አሁንስ ተሽሎኛል» ብሎ መድኀኒት ማቋረጥ እጅግ አደገኛ ነው።

የሌሎቹም ስሞች ፍች እንዲህ ነው። «አቴሮስክለሮሲስ» ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሲፈቱት ግን ገንፎና መድረቅ ነው። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተከማቸው ስብ ገንፎ ስለሚመስል ግድግዳውም ስለሚጠነክር ይህ ስም ተሰጠው። «ትሮምቦሲስ» ደም በሥር ውስጥ መርጋቱ ነው። «ኢምቦሊዝም» የረጋው ደም ተነቅሎ ሄዶ ሌላውን ሥር ሲወትፍ ነው። «አኒዩሪዝም» የቧንቧው ግድግዳ ሳስቶ ሲነፋ ነው። በቃሉ መጨረሻ «አይቲስ» ካለ መቈጣት ማለት ነው፤ ስለዚህ «ፍሌባይቲስ» የደም መልስ መቈጣት ነው። «ኮሮናሪ» የሚለው በላቲን ዘውድ ከሚለው የወጣ ነው፤ ልብን ራሱን የሚመግቡት ሥሮች እንደ ዘውድ ስለሚከቡት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲዘጋ የልብ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ «ሃርት አታክ» የሚባለው ይህ ነው። «ሃርት ፌይለር» ግን ልብ ደምን እንደሚገባ ለመርጨት ሲያቅተው ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ልብ ድካም» እያልን እናደባልቃቸዋለን፤ ስሙ የሚስማማው ለሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ጀመርነው ቃል እንመለስ። «ስትሮክ» ማለት ምት ማለት ነው። ሰውን ድንገት ስለሚጥል እንግሊዞችም እንደ እኛ «ተመታ» አሉ። እንግዲህ በስሙ እኛም እነርሱም አንድ ነን፤ የሚለየው ከስሙ በስተኋላ ያለውን ማወቅ ነው። ከስሙ በስተኋላ ያለው የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት ነው። ፊት በድንገት ሲጣመም፥ አንድ እጅ ሲዝል፥ ንግግር ሲኰላተፍ ሰዓቱን አይቶ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኀኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ያውም መፍሰስ አለመሆኑ በራስ ምርመራ ፎቶግራፍ ከታወቀ በኋላ ነው። በዚህ መካከል በአፍ ምንም መስጠት አይገባም፤ መዋጥ ያቅተዋልና ሊያንቀው ይችላል።

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ በሰሌዳው ላይ ከእንግሊዝኛው ቃል አጠገብ የአማርኛውን ፍች እንድትጽፉልን እንለምናችኋለን። ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ሐኪም የማይገባችሁን ቃል ሲናገር «በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በክፍል የተማርነውን ቃል ለፈተና ብቻ አንያዘው፤ ማታ ቤት ስንገባ ለእናታችን እንንገራት።

ደብተሩን ጽፈን እንደ ጨረስን ወደ እኒያ አያት ዘንድ ወስደን አነበብንላቸው። እርሳቸውም በዝግታ «ምች አይደለም ካላችሁ ስሙን በእኔ ቋንቋ ንገሩኛ» አሉን። «የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው፥ እማማ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ይኸማ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ብትነግሩኝ ኖሮ» አሉ።

ሌላ ቤት ይህ «ያን ጊዜ ብትነግሩኝ» እንዳይደገም ደብተሩን ዛሬ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አስረክበናል።