አሮጌውን መኪና መቼ እንለውጥ?



ከእኛ ከመምህራኑ ብዙዎቻችን የምንነዳው ዕድሜ የጠገበ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥያቄያችን «ሃይብሪድ ልግዛ ወይስ በያዝሁት ልቆይ?» የሚል ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ ግን ወደ ሙሉ ኤሌክትሪክ ተሸጋግሯል።

ሌላው ዓለም የሚጠቀምበት ስሌት እዚህ በቀጥታ አይሠራም። እዚያ መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። በአዲስ አበባ ግን በቀረጡ፣ በኤክሳይስ ታክሱና በውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ሳቢያ አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመታት ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ መኪናው ማጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ የደመወዝተኛው ቤተሰብ ቁጠባ፣ አንዳንዴም ብቸኛ ጥሪቱ ነው። ለመለወጥ ያመነታውን ሰው ኋላ ቀር ማለት አግባብ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

እስቲ ከአያት በሲኤምሲና በመገናኛ አድርጎ ቦሌ የሚመላለስን ሰው እንውሰድ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ መኪናውም በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢፈጅ፣ በቀን 3 ሊትር፣ በ300 የሥራ ቀን 900 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል። በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው ቀን 4.5 ይበቃዋል። የመገናኛ መጨናነቅ ልዩነቱን ያሰፋዋል፤ የቤንዚን ሞተር ቆሞም ይበላል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱን በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሳሳው አየርም ቱርቦ የሌለውን የቤንዚን ሞተር ያደክመዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም።

ይሁን እንጂ ወሳኙ ነገር ሶኬቱ ነው። ግቢው ውስጥ የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ሌሊት ቻርጅ ያደርጋል። በሰሚት ወይም በገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ መኪናውን በጋራ ማቆሚያ የሚያሳድር ሰውስ? መብራት በሚጠፋበት ሳምንትስ?

ፍርዴን ልናገር። የራሱ ቆጣሪ ያለውና በየቀኑ የሚነዳ ሰው አሁኑኑ ይለውጥ፤ የኤሌክትሪክ መኪና በበዛ ቁጥር አሮጌው ዋጋውን ይዞ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ከባድ ጥገና እስኪጠይቅም አይጠብቅ። (ጉዳቱን ደብቆ መሸጥን ግን አልመክርም።) ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዳ ሰው በያዘው ይቆይ፤ የሚያድነው ነዳጅ የአዲሱን ዋጋ አይመልስለትም። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ደግሞ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባ፣ ሶኬት የማይፈልግ ሃይብሪድ ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ከመክፈሉ በፊት ግን ባትሪውን በባለሙያ ያስመርምር።