ወስፌ የያዘ እጅ
በደሎ መና ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሰነቴን ብርድ ተሻግሮ፣ የሐረናን ጫካ አቋርጦ እዚህ ሙቀት ውስጥ መግባት ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምናውቅ ንግግራችንን አናስረዝምም።

የምንነግራችሁ ስለ ስፌት ነው። ባለፈው ዓመት የሴቶቹን የስፌት ቡድን ልንዘጋው ተቃርበን ነበር። በሪፖርት ቅጻችን ላይ ስለ ቡድኑ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ተሸጠ?» የሚል። የተሸጠው ደግሞ ጥቂት ነበር። ቡና በሚለቀምበት አገር ሰፌድ ሰፍቶ ኑሮን ማሻሻል እንደማይቻል ሴቶቹ ከእኛ ቀድመው ያውቁት ነበር። እኛ ግን ሦስት ስብሰባ ፈጀብን።

ውሳኔውን ልንነግራቸው የሄድን ዕለት አንዲት እናት ሞሰብ ጀምረው አገኘናቸው። እኚህ እናት ጎልማሳ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ከሰው ጋር አይነጋገሩም ነበር። ስንደዶውን ውኃ ውስጥ ነክረው አለስልሰው፣ አክርማውን በወስፌ እየበሱ ይጠመጥማሉ። ቀዩን አለላ ሦስት ዙር ከሰፉ በኋላ ራቅ አድርገው አዩትና መተርተር ጀመሩ።

«ምነው እናታችን፣ ደኅና አልነበረም እንዴ?» አልናቸው።

«ቀዩ በዛ። እዚህ ላይ ጥቁር ነው የሚገባው» አሉን።

ከብዙ ወራት በኋላ ከአፋቸው የሰማነው ረጅም ነገር ይህ ነው። የመጣንበትን ጉዳይ ሳናነሣ ተመለስን።

በመንገድ ላይ ከእኛ አንዱ አዲስ አበባ ያየውን አነሣ። ዘነበወርቅ ሰፈር ያለው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ ሚሲዮናውያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በመሠረቱበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች የጠለፉት የግድግዳ ጌጥና የትራስ ልብስ ሲሸጥ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. እንዲሰጥ የመከረው ጥምር መድኃኒት በሽታውን ያድናል፤ ቀድሞ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልስም። ጣቱ የደነዘዘበት ሰው መርፌ ቢወጋው አይሰማውም፤ ስለዚህ ዓይኑ የጣቱን ሥራ ደርቦ መሥራት አለበት። እንዲህ ባለ እጅ የሚጠለፍ አበባ ስንት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። ሰው ሊጨብጠው የሚፈራው እጅ የሠራው ትራስ በሰው አልጋ ላይ ተቀመጠ። ይህን ያደረገው ክኒኑ አይደለም።

በክርና በመርፌ ከሚሠሩት መካከል ኤልያስ ስሜን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰዓሊ ነው። በብሩሽ ፋንታ ክርና ቁልፍ ሸራ ላይ እየሰፋ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ኋላም ከመርካቶ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ስብርባሪ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ ትልልቅ ሥዕል ያደርገዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2019 እ.ኤ.አ. መካኒሳ ተከፍቷል። ፎቶግራፉን ለሴቶቹ ስናሳይ ከእኛ አንዱ «ይህ ደግሞ ሥዕል ነው ወይ?» ብሎ ነበር። ሴቶቹ ግን አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው ስፌቱ ከየት እንደጀመረ ፈለጉ።

ክር መድኃኒት ነው አንልም። የታመመ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ነገር ግን ሐዘን የያዘው ሰው ምንም ነገር በእጁ እንዳልሆነ ይሰማዋል፤ ስፌት ላይ ሲቀመጥ ግን ቀለሙን የሚመርጠው፣ የተሳሳተውን የሚተረትረው እርሱ ነው። ዙሩን መቁጠር ስላለበት አሳቡ ጥቂት ያርፋል። ደግሞም ስፌት የያዙ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምታው አያሳፍርም፤ መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ወስፌውን ያያል። በኢዮጴ የነበሩት መበለቶችም ዶርቃ በሞተች ጊዜ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር።

እንግዲህ ከጉባኤዎቻችሁ የምንለምነው ብዙ አይደለም፤ የአክርማ፣ የስንደዶና የቀለም መግዣ ነው። «ይህን ንድፍ ስፉልን፣ በከተማ ይሸጣል» እያላችሁ ባትልኩልን ግን ደስ ይለናል። የፕሮጀክት ሠራተኞችም ቡድኑን ስትጎበኙ ከዋጋው በፊት ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ እዩ።

ቅጹ እስካሁን አልተለወጠም። እኚያ እናት ሞሰቡን ጨርሰው አሁን ክዳኑን ይዘዋል። በስንት እንደሚሸጡት ብንጠይቃቸው «አይሸጥም» አሉን፤ እኛም በባዶ ቦታው ላይ ዜሮ ጽፈን ላክን።