በአንድ ግንድ ውስጥ ስላለው ልዩነትና ስለ ፒያሳ አሮጌ ወለሎች



በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ከተካሄደው ፈረሳ በኋላ በአራዳ አካባቢ የእንጨት ወለልና በረንዳ ያላቸው ቤቶች ጥቂት ቀርተዋል። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣይቱ ሆቴል ከእነዚሁ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሲጠገን የበሰበሰው የወለል አግዳሚ ወጥቶ በልኩ የተሰነጠቀ አዲስ እንጨት ይገባበታል። «በልኩ» ሲባል ግን የሚለካው ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ነው፤ ከግንዱ ከየትኛው ክፍል እንደ ወጣ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በገበያ «ጽድ» የሚባለው አንድ ዛፍ አይደለም። የሐበሻ ጽድ፣ ባሕር ዛፍ ከመስፋፋቱ በፊት የአዲስ አበባ ቀደምት ቤቶች ይሠሩበት የነበረ፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው የደጋ ዛፍ ነው። የፈረንጅ ጽድና ፓቱላ የተባለው ፓይን ግን ሁለቱም ከሜክሲኮ አካባቢ የመጡ፣ ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ለነጋዴ ይመቸው ይሆናል፤ ለመሐንዲስ ግን አይመችም።

ፓይን በየጊዜው የሚደርበው እንጨት አንድ ዓይነት አይደለም። በእንብርቱ ዙሪያ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ቀለበቶች የወጣትነት እንጨት ናቸው፤ የሕዋሳቱ ግድግዳ ስስ፣ እፍግታውም ዝቅተኛ ነው። እፍግታው ወደ ቅርፊቱ በተሄደ ቁጥር ይጨምራል፤ ከሥር ወደ ጫፍ ሲወጣ ግን በጠቅላላው ይቀንሳል። ሆኖም እፍግታ ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም። እፍግታው በሲሶ ያህል ሲጨምር ግትርነቱ፣ ማለትም ሸክምን ሳይጎብጥ የመቋቋም ኃይሉ፣ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ ነው። የሴሉሎስ ክሮች በእንብርቱ አጠገብ ከሕዋሱ ርዝመት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው እንደ ሞላ ይጠመጠማሉ፤ በውጭው እንጨት ግን ወደ 10 ወይም 15 ዲግሪ ወርደው ቀጥ ይላሉ። ለለጋ ዛፍ ነፋስን ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ይበጀዋል፤ ወለል የሚሸከም አግዳሚ ግን እንዲጎነበስ አይፈለግም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በግንዱ ሥር ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሜትሮች ነው። ገዢ የሚሻማበት ያ ወፍራም የሥር ግንድ በመካከሉ የያዘው ከዛፉ ሁሉ ልል የሆነውን እንጨት ነው። በለጋነቱ ከተቆረጠ ዛፍ የሚወጣው ሞራሌም በአብዛኛው የወጣትነት እንጨት ነው፤ ሲደርቅ በርዝመቱ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም።

ግትርነቱ በግማሽ ያነሰ አግዳሚ በአንድ ዓይነት ሸክም ሥር እጥፍ ይጎብጣል። ይህን ለማካካስ 15 ሳንቲ ሜትር የነበረው ከፍታ ወደ 19 ማደግ አለበት፤ በአሮጌ ቤት ደግሞ ይህ ከታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ጋር ያጋጫል። ስለዚህ እንጨቱን መምረጥ ይሻላል።

መምረጡ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞራሌውን በሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሞ፣ መካከሉ ላይ የታወቀ ክብደት አኑሮ፣ የጎበጠበትን በሚሊ ሜትር መለካት ይበቃል። በሌሎች አገሮች ጫፉን በመዶሻ መትተው ድምፅ በውስጡ የሚሄድበትን ፍጥነት ይለካሉ፤ ግትርነት እፍግታ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኝ ነውና። አናጺውም የተቆረጠውን ጫፍ ቢመለከት ብዙ ያውቃል። ቀለበት መቁጠሩ አያስተማምንም፤ በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት ደጋ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊታይ ይችላል። የቀለበቱን ቅስት ማየት ይበልጣል፤ እንብርቱ የሚታይበት ወይም ቅስቱ የጠበበው ለማገር ይሁን፣ ቀለበቱ ወደ ቀጥታ መስመር የቀረበው ለወለል አግዳሚ ይቀመጥ።